ደጋግሞ መፈተንና በመካከሉ የሚባክነው ጊዜ
በሕክምና ፈቃድ ፈተና የሙከራ ገደቦች ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በትምህርት ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች መካከል እንደ ፈተና ብዙ የተጻፈለትና ብዙ የተማረሩበት የለም። ስለ ጥያቄዎች አዘገጃጀት፣ ስለ አስተራረምና ስለ ማለፊያ ነጥብ አወሳሰን መምህራንም ሆኑ የትምህርት ባለሙያዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። ከነዚህ ክርክሮች ይልቅ አነስ ያለ ትኩረት ያገኘው፣ አንድ ተፈታኝ ከወደቀበት ቀን አንሥቶ እንደገና እስከሚፈተንበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በመዝገብ ላይ የመጀመሪያው ፈተና ውጤትና የሁለተኛው ፈተና ውጤት ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ምን እንደተሠራ የሚያመለክት ዐምድ ግን ብዙውን ጊዜ የለም። የዚህ ሐተታ ዓላማ ያንን የጎደለ ዐምድ መመርመር ነው።

ለምርመራው ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው የሐኪሞች የሥራ ፈቃድ ፈተና ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚህ ፈተና የሚደርሰው ስሕተት በየትኛውም ወገን ቢሆን ከባድ ነው። ብቃት የሌለው ሰው ቢያልፍ የሚጎዳው በሽተኛው ነው፤ ብቃት ያለው ሰው ቢወድቅ ደግሞ ለረጅም ዓመታት የተማረው ሰውና ያስተማረው ኅብረተሰብ ይጎዳሉ። ሁለተኛ፣ ደጋግሞ መፈተንን የሚመለከቱት ደንቦች በተለያዩ አገሮች በግልጽ ተጽፈው የወጡ በመሆናቸው ለማወዳደር ይመቻሉ። «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል መምህር ቢኖር እስከ አራተኛው ክፍል እንዲታገሥ እንጠይቃለን። ጉዳዩ ከራሳችን ደጃፍ የራቀ አለመሆኑን እዚያ ላይ ያገኘዋል።

፩. ደንቦቹ ምን ይላሉ?

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ አንድ ሐኪም የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. በሚል አጠራር የሚታወቀውን ባለ ሦስት ደረጃ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። በውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞች፣ ከኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመርቀው ወደዚያ የሚሄዱትም ጭምር፣ የሚገቡት በዚሁ በር ነው። ቀደም ሲል አንድ ተፈታኝ እያንዳንዱን ደረጃ እስከ ስድስት ጊዜ እንዲሞክር ይፈቀድለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ቁጥር ወደ አራት ዝቅ እንዲል ተደረገ። በተጨማሪም በ12 ወራት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መቀመጥ አይቻልም፤ አራተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ቢያንስ 12 ወራት፣ ከመጨረሻው ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወራት መራቅ አለበት። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ጀምሮ የመጀመሪያው ደረጃ ውጤት በቁጥር መገለጹ ቀርቶ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» በሚል ብቻ እንዲገለጽ ሆኗል።

በብሪታንያ የሐኪሞችን መዝገብ የሚይዘው ጄኔራል ሜዲካል ካውንስል ከውጭ አገር ለሚመጡ ሐኪሞች ፕላብ የተባለ ባለ ሁለት ክፍል ፈተና ይሰጣል። እያንዳንዱን ክፍል አራት ጊዜ መሞከር ይቻላል። አራት ጊዜ የወደቀ ሰው አምስተኛና የመጨረሻ ሙከራ ቢፈልግ፣ በመካከሉ በቂ ተጨማሪ ትምህርት መማሩን በማስረጃ እንዲያሳይ ይጠየቃል።

በጀርመን የሐኪሞች የመንግሥት ፈተና እያንዳንዱ ክፍል ሊደገም የሚችለው ሁለት ጊዜ ነው፤ በጠቅላላው ሦስት ሙከራ መሆኑ ነው። ህንድ በአንጻሩ በውጭ አገር ሕክምና ተምረው ለሚመለሱ ዜጎቿ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የምትሰጠው ፈተና 300 ጥያቄዎች ያሉትና ለማለፍ 150 ነጥብ የሚጠየቅበት ሲሆን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እየተሰጠ የሙከራ ቁጥር ሳይገደብበት ኖሯል። በዚህ ፈተና ከሚያልፉት የሚወድቁት በልጠው የተገኙባቸው ጊዜያት እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከሚቀመጡት መካከልም ከአንድ ጊዜ በላይ የተፈተኑ በርካቶች ይገኛሉ።

እነዚህን ደንቦች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሦስት ዓይነት አስተሳሰብ ይታያል። የመጀመሪያው ሙከራን ይቆጥራል፤ ከተወሰነው ቁጥር በኋላ በሩን ይዘጋል። ሁለተኛው ይቆጥራል፤ ሆኖም ከመዝጋቱ በፊት «በመካከሉ ምን ተማርህ?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቃል። ሦስተኛው አይቆጥርም፤ አይጠይቅምም። ከሦስቱ አንዱም ቢሆን ትምህርቱን ራሱን የደንቡ መነሻ አላደረገም። ሂሳችን የሚያርፈው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለገደቡ የሚቀርበውን ክርክር በቅንነት ማቅረብ ተገቢ ይሆናል።

፪. የቁጥር ገደብ የሚያስጠብቀው ነገር

የወደቀን ሰው «እንደገና ሞክር» ማለት ርኅራኄ ይመስላል። ርኅራኄው ያለ ገደብ ሲሆን ግን ወጪው በሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ይህንን በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል።

ማንኛውም ፈተና፣ በጥንቃቄ የተዘጋጀውም ቢሆን፣ የመለኪያ ስሕተት አለበት። በዕለቱ የወጡት ጥያቄዎች፣ የተፈታኙ ጤና፣ ግምት የተሰጠባቸው መልሶች ውጤቱን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል። ከማለፊያው መስመር እጅግ ርቆ ለሚገኝ ሰው ይህ ስሕተት ለውጥ አያመጣም። በመስመሩ አጠገብ ላለ ሰው ግን ዕጣው የሚወጣው በዚሁ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ከሚፈለገው የብቃት ደረጃ ጥቂት የሚጎድለው አንድ ተፈታኝ እናስብ። በእያንዳንዱ ሙከራ በዕድል የማለፉ መጠን ከዐሥር ሦስት ነው እንበል። በአንድ ሙከራ የማለፍ ዕድሉ 30 በመቶ ነው። ሁለት ጊዜ ቢሞክር ቢያንስ አንድ ጊዜ የማለፍ ዕድሉ ወደ 51 በመቶ፣ አራት ጊዜ ቢሞክር ወደ 76 በመቶ፣ ስድስት ጊዜ ቢሞክር ወደ 88 በመቶ ከፍ ይላል። ይህ ሰው በሙከራዎቹ መካከል አንዲት ነገር አልተማረም፤ ያደረገው በተደጋጋሚ መቅረብ ብቻ ነው። ገደብ የሌለው ፈተና እንዲህ ያለውን ሰው ውሎ አድሮ ማሳለፉ አይቀርም።

አሁን ደግሞ ብቁ የሆነና በእያንዳንዱ ሙከራ የማለፍ ዕድሉ ከዐሥር ሰባት የሆነ ሌላ ተፈታኝ እናስብ። ይህ ሰው በመጀመሪያው ቀን የመውደቅ ዕድሉ 30 በመቶ ነውና አንድ ሙከራ ብቻ ቢፈቀድለት ትልቅ በደል ይደርስበታል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የመውደቅ ዕድሉ 9 በመቶ ነው፤ አራት ጊዜ ተከታትሎ የመውደቅ ዕድሉ ግን ከአንድ በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ አራት ሙከራ ለብቁው ሰው በቂ ነው ማለት ይቻላል። ከአራተኛው በኋላ የሚጨመረው ሙከራ በአብዛኛው የሚጠቅመው የመጀመሪያውን ሰው ነው።

ፈተናው ከሕይወት ጋር ግንኙነት የለውም የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። በዚህ ረገድ ኖርቺኒና ባልደረቦቹ በፔንሲልቫኒያ ግዛት በሚሠሩና በውጭ አገር በተማሩ ሐኪሞች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት የሚጠቀስ ነው። በሁለተኛው ደረጃ የክሊኒክ ዕውቀት ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙ ሐኪሞች ባከሟቸው በሽተኞች ዘንድ የሞት መጠን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ዝምድና ፈተናው ሁሉን ይለካል አያሰኝም፤ ነገር ግን ማለፊያው መስመር እንዲሁ በዘፈቀደ የተሰመረ አጥር አለመሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ገደብን ጭካኔ ብቻ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። ገደቡ ያልተወከለን ወገን፣ ማለትም በፈተና አዳራሹ ውስጥ የማይገኘውን በሽተኛ፣ ይጠብቃል።

፫. የቁጥር ገደብ የማያየው ነገር

ከላይ የቀረበው ስሌት ትክክል ነው። ነገር ግን የቆመበትን መሠረት ልብ እንበል። ሁለቱም ተፈታኞች ከሙከራ ወደ ሙከራ የማይለወጡ ሰዎች ናቸው። ስሌቱ ሰውን እንደ ተወረወረ ሳንቲም ይቆጥረዋል። ሳንቲም አይማርም፤ አይረሳም፤ በመካከሉም ዕዳ አይገባም። የስሌቱ ግምት ይህ መሆኑ የሚያስወቅሰው አይደለም። የሚያስወቅሰው ደንቡ ራሱ ይህንኑ ግምት እንደ እውነት ተቀብሎ መቀረጹ ነው።

የስድስት ወራቱን የጥበቃ ጊዜ እንመልከት። ደንቡ ወራቱን ይቆጥራል፤ በወራቱ ውስጥ ስለሚሠራው ነገር ግን የሚለው የለም። ጊዜ ብቻውን አያስተምርም። ከሆስፒታል የራቀ ተመራቂ በስድስት ወር ውስጥ በእጁ የነበረውን ልምድ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ገንዘብ ያለው ሰው የዝግጅት ትምህርት ይገዛል፤ አስጠኚ ይቀጥራል። ገንዘብ የሌለው በቀን ሌላ ሥራ እየሠራ በሌሊት ያንኑ መጽሐፍ፣ በዚያው አኳኋን እንደገና ያነባል። ከዚያ ሁለቱ በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ። ውጤታቸው ሲለያይ ልዩነቱ ምን ያህሉ የችሎታ፣ ምን ያህሉ የኪስ እንደሆነ የሚለይ ዘዴ በደንቡ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ የምርምር ሥራዎች ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጣሉ። ፈተና አዘጋጆች ድጋሚ ለሚፈተኑ ሰዎች አዲስ ጥያቄዎች የሚያቀርቡት፣ የቀድሞዎቹን ቢያገኙ ያለ አግባብ ይጠቀማሉ ብለው ስለሚሠጉ ነው። ሬይመንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ግን ያንኑ ፈተና በድጋሚ ያገኙ ሰዎች ሌላ አቻ ፈተና ከቀረበላቸው ሰዎች የተለየ ጥቅም አለማግኘታቸው ታይቷል። ነገሩ ለመምህር እንቆቅልሽ ነው። ጥያቄውን አስቀድሞ ያየ ሰው እንዴት አይጠቀምም? ፋይንበርግ፣ ሬይመንድና ሄይስት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ ተከታትለው ጥያቄውን አጠሩት፤ ድጋሚ የሚፈተኑት ሰዎች የጎደላቸው ዕውቀት ነው ወይስ የተሳሳተ ዕውቀት ይዘው ነው? ብዙዎቹ ጥያቄውን እንደገና ሲያገኙት የመረጡት ያንኑ የቀድሞውን የተሳሳተ መልስ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ግኝት ለሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። የማያውቅ ሰው መጽሐፍ ቢያነብ ያውቃል። ስሕተትን እንደ እውነት የያዘ ሰው ግን መጽሐፉን የሚያነበው ስሕተቱን ለመደገፍ ነው፤ ያለፈበትን አንቀጽ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ይዘለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን ስድስት ወር አንብብ ማለት ስሕተቱን ስድስት ወር አጥና ማለት ነው። የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ነው፤ የሠራውን አይቶ «እዚህ ላይ ሳትህ፤ የሳትኸውም በዚህ ምክንያት ነው» የሚለው።

በፍትሕ ለመናገር፣ የአሜሪካው ፈተና የወደቀውን ሰው ባዶ እጁን አይሰደውም። ከማለፊያው መስመር ምን ያህል እንደራቀና በየትኞቹ የትምህርት ዘርፎች እንደደከመ የሚያሳይ ዘገባ ይሰጠዋል። ይህ በጎ ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። ዘገባው ዘርፉን ይጠቁማል እንጂ ስሕተቱን አይነግርም። አንድ ሐኪም በሽተኛውን «ሕመምህ ከወገብህ በላይ ነው» ብሎ ቢያሰናብተው መረመረኝ አይባልም።

የብሪታንያው ደንብ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ አንድ እርምጃ ይቀድማል። «በመካከሉ ምን ተማርህ?» የሚለውን ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ጉድለቱ የጠየቀበት ጊዜ ነው። አራት ጊዜ ከወደቀ፣ ገንዘቡን ከጨረሰና መንፈሱ ከተሰበረ በኋላ የሚጠየቅ ማስረጃ ከሁለተኛው ሙከራ በፊት ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛውና አራተኛው ውድቀት ባልደረሰ ይሆናል። የህንድ አሠራር ደግሞ በሩን ክፍት በማድረጉ ለጋስ ይመስላል፤ ሆኖም ደጋግሞ ለሚወድቀው ሰው የሰጠው ተስፋን እንጂ ትምህርትን አይደለም። ተስፋ ብቻውን ሲረዝም የሰውን ወጣትነት ይበላል።

ለዚህ ሂስ የሚሰጠውን ጠንካራ መልስ እናውቃለን። ፈቃድ ሰጪ አካል ትምህርት ቤት አይደለም፤ ሥራው መለካት ነው፤ ማስተማር ቢጀምር ዳኛም ባለጉዳይም ይሆናል ይባላል። ይህ እውነት ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ ይቀጥላል፤ እርሱ ካላስተማረ ማን ያስተምር? ያስመረቀው ትምህርት ቤት ሰውየውን ከመዝገቡ ሰርዞታል። ቀጣሪው ፈቃድ ስለሌለው አይቀበለውም። ፈታኙ ጥያቄ ከማቅረብ በላይ አልሄድም ብሏል። እንግዲህ የወደቀው ተመራቂ በሦስቱ ተቋማት መካከል ባለቤት የሌለው ሆኖ ይቀራል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው በዙሪያው የሚገኙት ሁሉ የሚቆጥሩበት እንጂ የሚያነሡት አይደሉም።

፬. ከራሳችን ደጃፍ

እስካሁን የተናገርነው በሌሎች አገሮችና በሌላ ሙያ ስላሉ ሰዎች ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ይህንን ሂስ ሊጽፍ የተነሣው ራሱ በፈጸመው ነገር ምክንያት መሆኑን ሳይገልጽ ቢያልፍ ቅንነት አይሆንም።

ከዓመታት በፊት ባገለገልሁበት አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የፈተና ኮሚቴ አባል ነበርሁ። በሒሳብ ትምህርት የወደቀ ዕጩ መምህር ሦስት ጊዜ የመፈተን መብት ነበረው፤ በየመካከሉም አንድ ወር ይሰጠው ነበር። ሦስት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። አንዲት ዕጩ መምህርት ማለፊያው 50 በሆነው ፈተና 44፣ ቀጥሎ 46፣ ቀጥሎ 45 አመጣች። ጉዳዩ ለኮሚቴው ሲቀርብ ውይይቱ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ቁጥሩ ተሟልቷል። ከአራቱ ፊርማዎች አንዱ የእኔ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ያረጁ የመልስ ወረቀቶች ሊቃጠሉ ሲሰበሰቡ ሦስቱ ወረቀቶቿ በእጄ ገቡ። ጎን ለጎን ዘርግቼ ማየት የጀመርሁት ከጉጉት እንጂ ከትጋት አልነበረም። በመጀመሪያው ወረቀት «2 ጣሳ ዱቄት በ3 ጣሳ ውሃ ቢቦካ፣ 6 ጣሳ ዱቄት ስንት ጣሳ ውሃ ይፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ነበር። መልሱ 9 ነው፤ እርሷ 7 ብላለች። በሁለተኛው «4 ሠራተኞች በቀን 10 ሜትር ቦይ ቢቆፍሩ 12 ሠራተኞች ስንት ሜትር ይቆፍራሉ?» ለሚለው 30 በማለት ፈንታ 18 ጽፋለች። በሦስተኛው በካርታ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር የሚወክል ሆኖ 8 ሴንቲ ሜትር ስንት እንደሚወክል ተጠይቃ 32 በማለት ፈንታ 23 ብላለች።

በየወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሥራዋን በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት አስቀምጣለች፤ «6 ሲቀነስ 2፣ 4፤ 3 ሲደመር 4፣ 7።» በሦስቱም ወረቀቶች ያው መንገድ ነው። ልዩነቱን ፈልጋ ትደምራለች፤ ንጥጥሩን ፈልጋ አታባዛም። ይህ በንጥጥርና በወደር ትምህርት ማንኛውም የሒሳብ መምህር በልጆች ላይ የሚያገኘው የታወቀ ስሕተት ነው። በየፈተናው በዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ላይ 12 ነጥብ ተመድቦ ነበር፤ እርሷ ከ12ቱ አንድም አላገኘችም። ግማሹን እንኳ አግኝታ ቢሆን በሦስቱም 50 ወይም ከዚያ በላይ ታመጣ ነበር። አንድ ሰው ወረቀቷን ይዞ ግማሽ ቀን አጠገቧ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ ሊለወጥ ይችል ነበር። ያ ሰው አልተገኘም። እኛ ሦስት ወረቀት አርመናል፤ ሦስት ቁጥር መዝግበናል፤ ሦስቱን ግን አንድ ላይ ያየ አልነበረም።

ማሰናበታችን በራሱ ስሕተት ነበር አልልም። ደምራ በምትመልሰው መንገድ ልጆችን እንድታስተምር መላክ አይገባም ነበር። በልጆቹ ቦታ በሽተኛ ብናስብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ክብደቱ 10 ኪሎግራም ለሆነ ሕፃን 150 ሚሊግራም ፓራሲታሞል የሚሰጥ ከሆነ፣ ለ14 ኪሎግራም ሕፃን በዚሁ ሒሳብ 210 ሚሊግራም ይሆናል፤ በእርሷ ስሌት ግን 154 ነው። ስለዚህ ገደቡ ተማሪዎቹን ጠብቋል። የማይገባው ነገር የተፈጸመው በመካከሉ ባሉት ሁለት ወራት ነው። የሰጠናት ሦስት ዕድል ነው ብለን ነበር፤ በእውነቱ የሰጠናት አንድ ዕድል ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ነው።

፭. ጉዳዩ ለአገራችን ያለው ፋይዳ

በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች ተመራቂዎች ለሥራ ፈቃድ አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ይወስዳሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎችን በአጠቃላይ እንዲመለከት ተደርጓል። በነዚህ ፈተናዎች የሚወድቁና እንደገና የሚቀርቡ ተመራቂዎች አሉ፤ ይኖራሉም። ስለሆነም ከላይ የተነሣው ጥያቄ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ በመላ አገሪቱ ከፍተኛ ድንጋጤ ተፈጥሮ እንደነበር ይታወሳል። ከዚያ ቀጥሎ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ፣ ካላለፉት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው በዩኒቨርሲቲዎች ለተወሰኑ ወራት የማካካሻ ትምህርት ተምረው እንደገና እንዲመዘኑ ማድረግ ነበር። ስለዚህ እርምጃ አፈጻጸም ብዙ ሊባል ይችላል። በመርሕ ደረጃ ግን የዚህ ሐተታ ፍሬ ነገር በውስጡ ይገኛል፤ በውድቀትና በድጋሚ ፈተና መካከል ትምህርት መኖር አለበት የሚለውን ተቀብሏል። የማካካሻ ትምህርት ግን ያንኑ የቀድሞ ትምህርት በፍጥነት መድገም ብቻ ከሆነ የተሳሳተ ዕውቀት የያዘውን ተማሪ አይደርስለትም። ማካካሻ የሚባለው ተማሪው የጎደለውን ወይም የተዛባበትን ለይቶ ከዚያ ሲነሣ ነው። ለዚህም ከመጀመሪያው ፈተና የተገኘው መልስ በዝርዝር መጠናት ይኖርበታል።

በዚህ ነጥብ ላይ የዕቅድ ባለሙያዎች የወጪን ጥያቄ ማንሣታቸው አይቀርም። ለእያንዳንዱ የወደቀ ሰው መምህር መመደብ ከየት ይመጣል? መልሱ ወጪው አሁንም አለ የሚል ነው። አንድን ሐኪም ወይም አንድን መምህር ለዓመታት አስተምሮ በመጨረሻው በር ላይ መተው የሁሉንም ዓመታት ወጪ ማጣት ነው። ይህ ወጪ በበጀት መዝገብ ላይ በራሱ ርእስ ስለማይጻፍ የሌለ ይመስላል። ሁለት ሳምንት የሚፈጅ የስሕተት ምርመራና ማስተካከያ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ማጠቃለያና የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ ከቀረበው ትንተና በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ለውይይት ቀርበዋል።

ሀ. የሙከራ ገደብ መኖሩ ተገቢ ነው፤ ሊቀርም አይገባም። ገደብ የሌለው ድጋሚ ፈተና ለተፈታኙ የሚራራ መስሎ ተገልጋዩን ሕዝብ ይጎዳል።

ለ. ገደቡ በሙከራ ቁጥር ብቻ መወሰን የለበትም። ከሁለተኛው ውድቀት በኋላ ሦስተኛ ሙከራ የሚፈቀደው፣ በመካከሉ የተለየ ስሕተትን ለማረም የተሰጠ ትምህርት መኖሩ ሲረጋገጥ ቢሆን ይመረጣል። የብሪታንያው ደንብ ለአምስተኛው ሙከራ የሚጠይቀውን ማስረጃ ለሦስተኛው መጠየቅ ማለት ነው።

ሐ. ፈታኝ አካላት ጥያቄዎቻቸውን በምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ቢኖርባቸውም፣ ለወደቀው ተፈታኝ የሚሰጡት ዘገባ ከትምህርት ዘርፍ ስም አልፎ የስሕተቱን ዓይነት የሚያመለክት እንዲሆን ማድረግ ይችላሉ። «የመድኃኒት መጠን ስሌት፣ በተለይም ወደር» የሚለው አገላለጽ አንድም ጥያቄ ሳያወጣ ብዙ ያስተምራል።

መ. ያስመረቀው ተቋም በምረቃ ዕለት ከኃላፊነቱ ነፃ ሊሆን አይገባም። ተመራቂዎቹ ፈቃድ እስኪያገኙ ወይም ሙከራቸው እስኪያበቃ ድረስ የማስተካከያ ትምህርት የመስጠት ግዴታው በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ተጽፎ፣ ሰዓቱና መምህሩ ተመድበው መገኘት አለባቸው።

ሠ. በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችና በየትምህርት ቤቱ፣ ማንኛውም ተማሪ ለሁለተኛ ጊዜ ከመፈተኑ በፊት የቀድሞው ወረቀቱ ተማሪው ባለበት በመምህሩ እንዲነበብ ቢደረግ ለዚህ አዲስ ደንብም ሆነ አዲስ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ወረቀቱን ከመጋዘን ማውጣት ነው።

የመጨረሻው ሐሳብ ለአንባብያን መምህራን በቀጥታ የቀረበ ነው። በዚህ ሴሚስተር መጨረሻ ድጋሚ ፈተና የሚሰጥ መምህር ሁሉ አዲሱን ጥያቄ ከማዘጋጀቱ በፊት የአንድ ተማሪ የቀድሞ ወረቀቶች አውጥቶ ጎን ለጎን ይዘርጋቸው፤ ስሕተቱ የተለያየ ነው ወይስ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ይመርምር። አንድ ዓይነት ሆኖ ካገኘው ፈተናውን ለጥቂት ቀናት አዘግይቶ በመጀመሪያ ያስተምር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያቺን ዕጩ መምህርት ከዚያ ወዲህ አላገኛትም። ሦስቱ ወረቀቶች ግን አልተቃጠሉም፤ በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ውስጥ አሉ፤ ወደ ፈተና ኮሚቴ ስብሰባ በምሄድበት ቀን ሁሉ ከደንቡ መጽሐፍ ጋር ይዣቸው እሄዳለሁ።